ምዕራፍ 7፦ መንገድ መሻገር በቃል አይጠናም

ከደብረ ሲና ወደ ቆላው የሚወርደው አውራ ጎዳና ሸዋ ሮቢትን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ያልፋል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴና መቀሌ የሚጓዘው አገር አቋራጭ አውቶቡስ፣ ቦቴውም፣ ተሳቢውም በዚሁ ነው የሚያልፈው። የጣርማበርን ጠመዝማዛ ቁልቁለት በፍሬን ተይዞ የወረደ ሾፌር ሜዳው ላይ ሲደርስ ነዳጅ መርገጥ ያምረዋል። በዚያው አስፋልት ላይ ግን ባጃጅ አለ፣ የአህያ ጋሪ አለ፣ ወደ ገበያ የሚነዳ ከብት አለ፣ ደብተሩን በፌስታል የያዘ የአንደኛ ክፍል ተማሪም አለ። ወደ አጣዬና ሰንበቴ ሲዘልቁም ነገሩ ያው ነው።

ይህ ልጅ ስለ መንገድ አልተማረም እንዳይባል ተምሯል። ጠዋት ሰልፍ ላይ መምህሩ «መንገድ ስንሻገር?» ሲሉ፣ «ግራና ቀኝ አይተን!» የሚለው ድምፅ ግቢውን ይሞላዋል። ቀትር ላይ ደወል ሲደወል ግን ያው ልጅ እናቱን ከአስፋልቱ ማዶ ያይና ይሮጣል። አፉ ያወቀውን እግሩ አላወቀም። የዚህ ምዕራፍ ጉዳይም እግሩን ማስተማር ነው።

ልጅ ትንሽ አዋቂ አይደለም

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በትራፊክ አደጋ ይሞታል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉት ደግሞ ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው ነው።

የአንደኛ ክፍል ልጅ ከቆመ ሚኒባስ ፊት ሲወጣ ቁመቱ ስለማይበቃ የሚመጣውን አያይም፤ ሾፌሩም እሱን አያየውም። የመኪና ፍጥነት መገመት ገና አይችልም። ሐሳቡም አንድ ነገር ላይ ከተተከለ፣ ኳሷ ላይ ወይም ጓደኛው ላይ፣ ሌላው ሁሉ ይጠፋበታል። አንዱ መኪና ሲያልፍለት መንገዱ ነጻ የሆነ ይመስለውና ከኋላ የሚከተለውን ሳያይ ይገባል። ብዙ ባለሙያዎች ልጅ አሥር ዓመት ገደማ እስኪሆነው ድረስ የተጨናነቀ መንገድ ብቻውን እንዳይሻገር የሚመክሩት ለዚህ ነው።

ቢሆንም ትንሽ ልጅን ማለማመድ ይቻላል። በስኮትላንድ፣ ግላስጎ ከተማ፣ ድራምቻፕል በሚባል ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አንድ ሙከራ ተደርጎ ነበር። የሰፈሩ ወላጆች አጭር ሥልጠና ወሰዱ። ከዚያ ከ5 እስከ 7 ዓመት የሆኑ ልጆችን በትንንሽ ቡድን ወደ መንገድ ዳር እየወሰዱ «የቱ ቦታ ይሻላል? ለምን?» እያሉ አለማመዷቸው። ልጆቹ አደገኛውን ቦታ ከደህናው የመለየት ችሎታቸው ተሻሻለ። ውድ ዕቃ አላስፈለገም፤ ያስፈለገው ጊዜ የሰጠ አዋቂ ነው።

በትምህርት ቤት ግቢ የሚሠራ

አንደኛ፣ በአመድ ወይም በኖራ 7 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ ግቢው ውስጥ ያስምሩ። ልጆቹ ሳይሮጡ ሲሻገሩት ሌሎቹ ጮክ ብለው ይቁጠሩ። 7 ሰከንድ ያህል ይፈጅባቸዋል።

ሁለተኛ፣ ሦስት ሦስቱን ይዘው ወደ አስፋልቱ ዳር ይውጡ፤ ከጠርዙ ሦስት እርምጃ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ራቅ ያለ ዛፍ ወይም ምሰሶ ምልክት ያድርጉ። መኪናው እዚያ ሲደርስ መቁጠር ጀምሩ። 7 ሳይሞላ ፊታችሁ ካለፈ ዛፉ ቅርብ ነውና ከዚያ የራቀ ምልክት ይምረጡ፤ 7 ከሞላ ግን ከዛፉ ወዲህ መኪና እያለ መንገድ አይገባም ማለት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ7 ሰከንድ 117 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በ80 ከሆነ 156 ሜትር፣ ማለትም ከአንድ የኳስ ሜዳ ርዝመት በላይ። ልጁ ቁጥሩን ባያውቅም ዛፉን ያውቀዋል።

ሦስተኛ፣ አግዳሚ ወንበር ደርድረው «የቆመ ሚኒባስ» ይሥሩ። ልጁ ከሚኒባሱ ወርዶ በፊቱም በኋላውም እንዳይሻገር፣ መኪናው ሄዶ መንገዱ እስኪገለጥ እንዲቆም ያለማምዱት።

አራተኛ፣ ግራውን ይዞ መሄድን ያስለምዱ። በአገራችን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ መኪና የሚነዳው በቀኝ በኩል ስለሆነ፣ ግራውን የያዘ እግረኛ ቅርብ ያለው መኪና ከፊት ለፊቱ ይመጣበታል፤ ከኋላው አይደርስበትም። ሲሻገርም መጀመሪያ የሚደርስበት ከግራው የሚመጣው ስለሆነ ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ ይይ።

አምስተኛ፣ የትራፊክ ክበቡንና ሚኒ ሚዲያውን ያሠሩ። ከታላላቅ ተማሪዎች አንዱ የሰፈሩን ታናናሾች ሰብስቦ ይዞ ይሂድ። ዳገት የሚያዘግመው መኪና ላይና ጋሪ ላይ መንጠልጠልን ደግሞ ልጆች ራሳቸው በድራማ ይንቀፉት፤ ከእኛ ቁጣ የጓደኛ ሳቅ ይበልጥ ይሰማል።

የአዋቂው ድርሻ

ልጅዎን ከመንገድ ማዶ ሆነው አይጥሩት፤ እርስዎ ይሻገሩና እጁን ይያዙት። ለሱቅ ሲልኩት ከአስፋልቱ ወዲህ ያለውን ሱቅ ይምረጡ። ጠዋት ዘግይተው አያስነሱት፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ የቸኮለ ልጅ ያጠናውን ሁሉ ይረሳል። ሾፌር ከሆኑ የደብተር ፌስታል ባዩበት ቦታ ሁሉ እግርዎን ከነዳጁ ያንሱ። ርእሰ መምህር ከሆኑ ደግሞ በትምህርት ቤቱ በር ፊት የፍጥነት መቀነሻና ዜብራ እንዲሠራ ለከተማው አስተዳደር በደብዳቤ ይጠይቁ፤ መልስ እስኪያገኙም አይተዉ። ሥልጠና የመንገዱን ጉድለት አይሞላምና ሸክሙን ሁሉ በሰባት ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ መጣል ግፍ ነው።

ይህን ምዕራፍ አንብበው ሲጨርሱ መጽሐፉን ያስቀምጡና ነገ ጠዋት ልጅዎን እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ በእግር ይሸኙት። የት እንደሚሻገር እሱ ይምራዎት፤ እርስዎ ዝም ብለው ይመልከቱ። ምን ማስተማር እንዳለብዎ ያን ጊዜ ያውቁታል።