የሳሳ ፀጉርና የመርፌ ሕክምና

በዚህ ወር ዓምዳችን ብዙ እህቶች ከሻሻቸው ሥር ደብቀው የሚጨነቁበትን፣ ወንድሞችም ኮፍያ ደፍተው የሚያልፉትን የፀጉር መሳሳት እንመለከታለን። በአሁኑ ጊዜ ለዚህ ችግር ከሚሰጡት ሕክምናዎች አንዱ የራስን ቆዳ በደቃቅ መርፌዎች መውጋት ወይም ማይክሮኒድሊንግ ነው። ለመሆኑ ይጠቅማል? የሚጠቅመውስ ማንን ነው?

አሠራሩ

መሣሪያው መርፌዎች የተተከሉበት ትንሽ ተሽከርካሪ (ደርማ ሮለር) ወይም እስክሪብቶ የሚመስል ማሽን ነው። የመርፌዎቹ ርዝመት ብዙውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሰውነት ጥቃቅኖቹን ቁስሎች ለመጠገን ሲል ዕድገትን የሚያነቃቁ ንጥረ ነገሮችን ወደ ቦታው ይልካል። በዚህም የተነሳ የደከመው የፀጉር ሥር ይነቃቃል ተብሎ ይታመናል።

በ2013 እ.ኤ.አ. ሕንድ ውስጥ 100 ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት ታትሞ ነበር። ለ12 ሳምንታት ሚኖክሲዲል የተባለውን መድኃኒት ብቻ የተቀቡት፣ በተለካው ቦታ ላይ በአማካይ 22 ያህል የፀጉር ዘለላ ሲጨምሩ፣ በየሳምንቱ የመርፌውን ሕክምና ያከሉት ግን 91 ያህል ጨምረዋል። ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ነው። ነገር ግን ሁሉም በዘር የሚመጣ መሳሳት የነበረባቸው ወንዶች እንደሆኑ ልብ ይበሉ። መርፌ የደከመን ሥር ይቀሰቅሳል እንጂ የሞተን ሥር አያስነሳም።

በመጀመሪያ ምክንያቱን ይወቁ

በአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ እንዳሉት የወሎ መንደሮች ሁሉ፣ ለዒድና ለሠርግ ሹሩባ መሠራት የቆየ ልማዳችን ነው። ሹሩባው ግን ግንባር እስኪወጠር ከተጠበቀ፣ ከጊዜ በኋላ በግንባርና በጆሮ ግንድ በኩል ያለው ፀጉር ይሸሻል። ገና ሲጀምር ከተላላ ፀጉሩ ሊመለስ ይችላል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ወደ ጠባሳነት ይለወጣል። ያን ጊዜ መርፌም ቅባትም ብዙ አይረዳም። ሂጃብ በራሱ ፀጉር አይነቅልም፤ ችግሩ ከሥሩ አጥብቆ ማሰር ነው። እናቶች ሆይ፣ ልጅዎ ሲሠሯት “አመመኝ” ካለች ያላሉላት።

ከወሊድ ወይም እንደ ታይፎይድ ካለ ከባድ ሕመም በኋላ ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ፀጉር በብዛት ሊረግፍ ይችላል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ በራሱ ይመለሳል። የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ሕመምም ፀጉር ያሳሳሉ፤ እነዚህ በደም ምርመራ ይታወቃሉ። ቆረቆር ደግሞ በፈንገስ የሚመጣ በመሆኑ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ በላዩ ላይ መርፌ መጠቀም በሽታውን ያባብሳል።

በምግብ በኩል ፀጉር የሚሠራው ከፕሮቲን ነው። ምስር፣ ሽሮ፣ እንቁላልና የሐይቃችን ዓሣ ይጠቅማሉ። ሻይና ቡና ከምግብ የሚገኘው ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚቀንሱ፣ ከተመገቡ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢጠጧቸው ይመረጣል።

ሊጠነቀቁት የሚገባ

ስለ ኤድስ በተሰጠው ትምህርት “አንድ ምላጭ ለአንድ ሰው” የሚለውን ሁላችንም ተምረናል። ለዚህ መሣሪያም ሕጉ ያው ነው። መርፌው ደም ስለሚነካ ኤች አይ ቪንና ሄፓታይተስ ቢን ከሰው ወደ ሰው ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ ለእህትም ለጓደኛም አያውሱት፤ በውበት ሳሎን ቢሆን እንኳ መርፌው በዓይንዎ ፊት ከታሸገበት ካልተከፈተ እምቢ ይበሉ። ቁስሉ ሲድን እያበጠ ጠባሳ የሚሠራበት (ኬሎይድ) ሰው፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ወይም ስኳሩ ያልተስተካከለ ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ አይሞክረው። ቁስሉ ሳይደርቅም ቅቤ፣ ሂና ወይም የፀጉር ቀለም አይቀቡ። ሚኖክሲዲልን ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት መጠቀም የለባቸውም፤ ሲያቋርጡትም ያመጣው ፀጉር ተመልሶ ይረግፋል።

ምን ያድርጉ?

በመጀመሪያ በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የቆዳ ሐኪም ካስፈለገ፣ በደሴ አጠገብ የሚገኘው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን በቆዳ ሕክምና የሚታወቅ ነው። ገንዘብዎን ለመርፌ ከማውጣትዎ በፊት “ፀጉሬ የሳሳው ለምንድን ነው?” ብለው ይጠይቁ። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚያድግ፣ ትክክለኛው ሕክምና ከተጀመረ በኋላም ወራት መታገስ ግድ ነው።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን። ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።