ሁለቱ ብሩሶችና መጻሕፍታቸው

ብሩስ በስኮትላንድ አገር የታወቀ የቤተ ሰብ ስም ነው። በዚህ ስም ከሚጠሩት ደራስያን ሁለቱን፣ አንዱን የጥንት አንዱን የቅርብ፣ በዚህ ጽሑፍ ጎን ለጎን እናቆማቸዋለን። ያገናኘናቸው የስማቸው አንድነትና መጽሐፈ ሄኖክ ነው እንጂ የሥጋ ዝምድና አይደለም። (ዘመኑን ሁሉ የምንቆጥረው እንደ ፈረንጆች ነው።)

የፊተኛው ጀምስ ብሩስ በ1769 በምጽዋ ገብቶ በ1770 ጎንደር ደረሰ፤ በዚያው ዓመትም ግሽ ዓባይን አየ። የጉዞውን ታሪክ በአምስት ታላላቅ ቅጾች ያሳተመው በ1790 ነው። ምንጩን ያየ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እርሱ እንደ ሆነ ይሟገታል፤ ነገር ግን ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ቀድሞታል። በዚህ ነገር ብሩስን አንከተለውም። (የአገሩ ሰው በምንጩ ዳር ከብቱን ሲያጠጣ ስንት ዘመን እንደ ኖረ የሚጠይቅ ግን ከሁለቱም ወገን አልተገኘም።) ስለ እንሰት፣ ስለ ጤፍና ስለ ኮሶ የጻፈበት አምስተኛው ቅጽ ከክርክሩ ይልቅ ይጠቅመናል።

ብሩስ ሲመለስ የመጽሐፈ ሄኖክን የግእዝ ብራናዎች ይዞ ሄደ። ከነዚሁ አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ፤ ሌላው ኦክስፎርድ ገባ። ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመው ከዚሁ ከኦክስፎርዱ ነው። መጽሐፉ በሙሉ የተገኘው በግእዝ ብቻ ስለሆነ፣ የአውሮፓ ሊቃውንት የግድ የእኛን ፊደል መቁጠር ነበረባቸው።

ሁለተኛው ብሩስ በ1910 የተወለደው የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ መምህር ኤፍ. ኤፍ. ብሩስ ነው። በ1956 ስለ ሙት ባሕር ጥቅልሎች፣ በ1988 ደግሞ ስለ ቅዱሳት መጻሕፍት ቀኖና ጽፏል። በሙት ባሕር አጠገብ በዋሻ የተገኙት የሄኖክ ቁራጮች በአራማይስጥ ናቸው። ስለዚህ በ81 መጻሕፍታችን ውስጥ የምንቆጥረው ሄኖክ ከልደተ ክርስቶስ በፊት ይነበብ እንደ ነበር ታወቀ።

እስካሁን ያወራነው ስለ ግእዝ ነው። ብሩስ ግን መኃልየ መኃልይን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሁለት ዓይነት አገውኛ፣ በቤተ እስራኤል ቋንቋና በጋፋትኛ አስጽፎ ነበር። ተርጓሚዎቹ የአገራችን ሰዎች ነበሩ። ጋፋትኛ በዓባይ አካባቢ ይነገር የነበረ ቋንቋ ሲሆን ዛሬ ጠፍቷል። ቮልፍ ሌስላው በ1945 ስለ ጋፋትኛ ያሳተመው ጥናት የተመሠረተው በዚያ በብሩስ ጽሑፍ ላይ ነው፤ ኋላም ራሱ አገራችን መጥቶ ቢፈልግ ቋንቋውን የሚያውቁ አራት ሰዎች ብቻ አገኘ። አንድ መንገደኛ ለማወቅ ጓጉቶ ያስጻፈው ወረቀት የአንድ ሕዝብ ንግግር ምስክር ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

እኛን የቡለንን ልጆች የቆረቆረን ይኸው ነው። ዓባይ ከግሽ ወጥቶ ጣናን አቋርጦ ጎጃምን ሲዞር ወደ እኛ መተከል ይደርሳል፤ ከብሩስ ስድስት ቋንቋዎች ውስጥ ግን ሺናሽኛም ጉሙዝኛም የሉም። ስለ ቆላው ሕዝብ በመጽሐፉ የሚናገረው የደገኛውን የንቀት ስም እየደገመ ነው። ሺናሽኛና ጉሙዝኛ ግን ዛሬም በቡለን ገበያ ይሰማሉ። በዕረፍት ጊዜ አገራችን ስንገባ ደብተር ይዘን ከሽማግሌዎቹ እግር ሥር ብንቀመጥ፣ በመጀመሪያ የዛፉንና የእህሉን ስም፣ ቀጥሎም ተረቱን እንጻፍ፤ የነገረንን ሰው ስምም ፈቅዶ እንደ ሆነ ከገጹ ግርጌ እናኑር።