እጅ ሲሠራ ዐይን ያርፋል

ባለፈው የጥናት ጊዜያችን ከመካከላችን አንዲት እኅት ቀላል የሚመስል፣ ሲያስቡት ግን ቀላል ያልሆነ ጥያቄ አቅርባልን ነበር። ይኸውም «ጃፓናዊ የቤት ዕቃ ሠሪ እንጨት ሲልግ በስልክ ስመለከት ልቤ ይረጋጋል፤ ቋንቋውን አላውቅም፣ የሚሠራውንም ወንበር አልገዛውም፤ ታዲያ የሚያረጋጋኝ ምንድን ነው?» የሚል ነው። ጥቂቶች ሳቁ። ነገር ግን ስንጠያየቅ ከግማሽ የምንበልጠው ማታ ማታ ከመተኛታችን በፊት ይህንኑ የምናይ ሆነን ተገኘን። ስለዚህ ጥያቄውን ተካፍለን አጠናንና ያገኘነውን በዚህ ገጽ ለማቅረብ ወሰንን።

በመጀመሪያ የጃፓኑን ባለሞያ እንመልከት። የእኛ አገር አናጢ መጋዙን ወደ ፊት ሲገፋ ይቈርጣል፤ የጃፓኑ ግን የሚቈርጠው ወደ ራሱ ሲስብ ነው። ይህ የልማድ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ምክንያት አለው። የሚገፋ መጋዝ እንዳይታጠፍ ወፈር ማለት አለበት። የሚሳብ መጋዝ ግን ሲሳብ ስለሚወጠር ስስ ሊሆን ይችላል፤ ስስ በመሆኑም ጠባብ መሥመር ይቈርጣል፣ ሰጋቱራውም ጥቂት ነው። መላጊያውም እንዲሁ ወደ ራስ የሚሳብ ነው። ስለቱ ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቆ የተሠራ ነው፤ ጠንካራው ብረት ይቈርጣል፣ ለስላሳው ከጀርባ ሆኖ እንዳይሰበር ይደግፈዋል። ባለሞያው በውሃ በራሰ ድንጋይ ላይ ስለቱን ሲስል ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ሲልግ ከወረቀት የሳሳ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ፍቅፋቂ ከእንጨቱ ጫፍ እስከ ጫፍ ሳይበጠስ ይወጣል። ለዚህ ብቻ ተሰብስበው የሚወዳደሩ መኖራቸውን ስናነብ ገርሞናል።

እንጨትን ከእንጨት የሚያገናኙበት ዘዴም ድንቅ ነው። የአንዱን ጫፍ እንደ ምላስ አውጥተው፣ በሌላው ላይ ልኩን ፈልፍለው፣ አንዱን በሌላው ውስጥ ያስገቡታል፤ ሚስማር አያስፈልገውም። በናራ አውራጃ የሚገኘው የሆርዩጂ ገዳም ባለ አምስት ደርብ የእንጨት ግንብ በዚህ ዓይነት ጥበብ ከ1,300 ዓመት በላይ ቆሟል። የዚያ ገዳም አናጢ የነበሩት ቱኔካዙ ኒሺዮካ (እ.ኤ.አ. 1908–1995) ከአባቶቻቸው የተቀበሉት አንድ ትምህርት ነበር፤ ይኸውም በተራራው ደቡብ ፊት የበቀለ ዛፍ ለሕንጻው ደቡብ ፊት ይሁን የሚል ነው። ዛፉ ፀሐዩንና ነፋሱን በለመደበት በኩል ይቆማል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሩቅ ነው። ዓለም ገና ግን ቤታችን ነው። ከተማችን ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ፣ የቡታጅራው መንገድ ከጅማው በሚለይበት ቦታ ያለ ስለሆነ የሚያልፈው ብዙ ነው፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም በሸገር ከተማ ውስጥ ሲጠቃለሉ ቤት የሚሠራው ሰው በዝቷል። ቤት የሚሠራ በበዛበት በርና መስኮት፣ አልጋና ቁም ሣጥን የሚሠራም ይበዛል። እርግጥ ነው፣ በመንገድ ዳር በሚገኙት ቤቶች የኤሌክትሪክ መጋዙ ሲጮኽ ያረጋጋኛል የሚል ሰው ቢኖር እኛ አላገኘነውም። መብራት ሲጠፋ ግን ነገሩ ይለወጣል። ማሽኖቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ዝም ይላሉ፣ ሠራተኞቹ ሻይ ሊጠጡ ይወጣሉ፣ ከመንደሩ ውስጥ አንድ ድምፅ ብቻ ይቀራል፤ ሺ... ሺ... የሚል የእጅ መላጊያ ድምፅ።

ይህ ድምፅ የአንድ ሽማግሌ አናጢ ነው። ስማቸው በጽሑፍ እንዲወጣ ስላልፈለጉ እኛም ሁልጊዜ እንደምንጠራቸው «ጋሼ» እንላቸዋለን። የሥራ ቦታቸው ሦስት በአራት ሜትር የምትሆን የቆርቆሮ ቤት ናት፤ በሩ ካልተከፈተ ብርሃን የላትም። በሩ ላይ ተሰብስበን ስንቆም የሚሉን አንድ ነገር ነው፤ «ልጆች፣ ብርሃኑን ልቀቁልኝ!»

ጋሼ ሥራ ሲጀምሩ መጋዝ አያነሡም። እንጨቱን አንሥተው በአንድ ዐይናቸው እስከ ጫፉ ያዩታል፤ መጣመሙን ለማወቅ ነው። በጣታቸው ያንኳኩታል፣ አንዳንድ ጊዜም ያሸቱታል። ከዚያ የእንጨቱ ጅማት ወዴት እንደሚሄድ ይፈልጋሉ። በጅማቱ አቅጣጫ የላጉት እንጨት እንደ ሐር ይለሰልሳል፤ በተቃራኒው የላጉት ይቦጨቃል። ቀጥሎ ከጆሯቸው ላይ እርሳሱን አውርደው ያሰምራሉ፣ በማዕዘን ይለካሉ፣ እንደ ገና ይለካሉ። አንድ ቀን የወንበር እግር ሲያገናኙ ሁለት ሰዓት ያህል ቆመን ስናይ፣ ከዚያ ውስጥ እንጨቱ የተቈረጠበት ጊዜ አሥር ደቂቃ አይሞላም ነበር። የቀረው መለካት፣ መሮውን በድንጋይ መሳል፣ አስገብቶ መሞከር፣ አውጥቶ አንዲት ፍቅፋቂ ማንሣት፣ እንደ ገና መሞከር ነው። በመጨረሻ ሲገባ «ጥ» የሚል ድምፅ ሰጠ። ማንም ሳያዝዘን ሁላችንም ተነፈስን።

ለምን እንደሚጠብቁ ጠይቀናቸው የነገሩን ይህ ነው። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ በወርዱ ይሸበሸባል፤ በቁመቱ ግን ከቶ አያጥርም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ሳይደርቅ የተሠራ ሣጥን ከከረመ በኋላ ይላቀቃል ወይም ይሰነጠቃል። ባሕር ዛፍ በተለይ ሲደርቅ ይጣመማል፤ በውስጡ የታመቀ ውጥረት አለና። ዋንዛ ግን ለመጠረብ የሚመች፣ ሲሠራ የማይጣላ እንጨት ነው፤ ምስጥም እንደ ሌላው እንጨት አይደፍረውም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ፤ የሚያረጋጋን ምንድን ነው?

አንድ ወንድማችን «ሌላው ሲደክም ቁጭ ብሎ ማየት ስንፍና ነው፤ ስንፍና ደግሞ ሁልጊዜ ይጣፍጣል» ሲል ተከራከረ። ክርክሩ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን አልተቀበልነውም። ድካም ማየት የሚያረጋጋ ቢሆን ኖሮ ድንጋይ የሚሸከመውን የቀን ሠራተኛ ስናይም በተረጋጋን ነበር፤ እርሱን ስናይ ግን ልባችን ይከብዳል። ደግሞም ሞያውን ገና የሚለምድ ልጅ መሮ ይዞ ሲሠራ ተመልከቱ። ትከሻችሁ ይነሣል፣ «ጣቱን!» ልትሉ ትደርሳላችሁ። ሥራው ያው ነው፣ እንጨቱም ያው ነው፤ የጎደለው ችሎታ ነው። ስለዚህ የሚያሳርፈን ሥራው ሳይሆን፣ የሚሠራው ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ነገር ማወቁ ነው። እኛ ቀኑን ሙሉ ቀጥሎ የሚመጣውን ሳናውቅ እንውላለን፤ የታክሲው ሰልፍ ስንት ሰዓት እንደሚያቆመን፣ የቤት ኪራይ ስንት እንደሚጨመር፣ ማን ሥራ እንደሚሰጠን አናውቅም። በጋሼ በር ላይ ግን ከፊታችን ያለው ሰው ያውቃል። ጭንቀታችንን ለጥቂት ጊዜ ለእርሱ እጅ አደራ እንሰጣለን።

በስልክ የምናየው ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ መጠበቁ ተቈርጦ ወጥቷል። ሳምንታት የፈጀው ሥራ በሃያ ደቂቃ ያልቃል፤ ማጣበቂያው ሲደርቅ፣ እንጨቱ በጥላ ሥር ወራት ሲያሳልፍ አይታይም። እኛ እንደምናስበው እንዲህ ያለው ዕረፍት እንደ ጣፋጭ ከረሜላ ነው፤ አንድ ካዩ ሌላ ያሰኛል፣ ሌሊቱም ያልፋል። ከጋሼ በር የተመለሰ ሰው ግን ሌላ አናጢ ፍለጋ ሲሄድ አላየንም።

እዚህ ላይ የራሳችንን አገር ሥራ ሳናነሣ ብናልፍ ነውር ይሆንብናል። የጅማ በርጩማ ባለ ሦስት እግር ሆኖ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ ይወጣል፤ መቀመጫውም እግሩም አንድ አካል ነው፤ የሚላቀቅ መጋጠሚያ ስለሌለው ሚስማርም ማጣበቂያም አይሻም። ሦስት እግር የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም። ባለ አራት እግር ወንበር ወለሉ ካልተስተካከለ ይወዛወዛል፤ ሦስት እግር ግን በማንኛውም አፈር ላይ ጸንቶ ይቆማል። ወደ ኋላ ብንሄድም የደብረ ዳሞና የይምርሐነ ክርስቶስ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ድንጋይና እንጨት እየተደራረበ የተሠራ ነው። በአክሱም ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አለ፤ በታላላቆቹ ሐውልቶች ላይ ከግድግዳ የሚወጡ የእንጨት ወራጆች ጫፍ በድንጋይ ተቀርጾ ይታያል። ድንጋይ ጠራቢው የአናጢውን ሥራ ቀዳ ማለት ነው። የእንጨቱ ቤት ጠፍቷል፤ መልኩ ግን በድንጋዩ ላይ ቀርቷል።

ይህን የመሰለ ታሪክ ያለው ሕዝብ የእጅ ሠራተኛን ሲንቅ መኖሩ የሚያሳዝን ነው። አናጢው እንደ አንጥረኛውና እንደ ሸክላ ሠሪዋ ባይሰደብም ከንቀቱ አላመለጠም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ዛሬም ግን «ልጄ አናጢ ሆነ» የሚል አባት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው።

እንጨቱም እየራቀ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ጥድን፣ ዝግባንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቍረጥን የከለከለው ዛፎቹ ስላለቁ ነው፤ ይህም ተገቢ ነበር። ከሰበታ በላይ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለውን የመናገሻ ሱባ ደን ያየ ሰው አገሩ ቀድሞ ምን ይመስል እንደ ነበር ይገባዋል፤ ጥዱን በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። አሁን በየሱቁ የምናየው ቁም ሣጥን አብዛኛው ቺፑድ ነው። ዋጋው ይቀንሳል፣ ፊቱም ያበራል፤ ውሃ ከነካው ግን ያብጣል፣ ካበጠ በኋላም ጋሼም ቢሆኑ አይጠግኑትም።

አንድ ነገር እንጨምር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ውጤቱ ጥር 2015 ዓ.ም. ሲነገር በእኛ ሰፈር የነበረውን ዝምታ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ከመካከላችን አንዱ ከዚያ ቀን በኋላ ቤት መዋል አልቻለም፤ እናቱ ምንም ባይሉት እንኳ ዝምታቸው ከበደው። ጠዋት ወጥቶ በጋሼ በር ላይ ይቀመጥ ነበር። እርሳቸውም ለምን መጣህ አላሉትም።

ስለዚህ ልጅ ስናስብ ጆርጅ ናካሺማ የሚባለውን የቤት ዕቃ ሠሪ ታሪክ አነበብን። እርሱ በአሜሪካ የተወለደ የጃፓን ዘር ሲሆን (እ.ኤ.አ. 1905–1990)፣ በ1942 በጦርነቱ ምክንያት ከቤተ ሰቡ ጋር በአይዳሆ በረሃ ካምፕ ውስጥ ተዘጋበት። በዚያው ካምፕ ውስጥ የጃፓንን የእንጨት ሥራ የተማረ አንድ አናጢ አገኘና ከአጠገቡ ሆኖ ሠራ። በኋላ ስሙ የታወቀው በትላልቅ ጠረጴዛዎቹ ነው። ስንጥቅ ያለበትን ሳንቃ አይጥልም ነበር፤ በስንጥቁ ላይ የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው እንጨት አስገብቶ ያያይዘውና ስንጥቁን እንዲታይ ይተወዋል።

ወዳጃችን ሁለት ወር ያህል ሲያይ ቆየ። አንድ ቀን ጋሼ መሮና ድንጋይ አስያዙትና «ሳልልኝ» አሉት። ሳለ። አይተው መለሱለት። እንደ ገና ሳለ፤ እንደ ገና መለሱለት። እንዲህ ሲል ሰነበተና በክረምቱ እንጨት እንዲላግ ተፈቀደለት። የመጀመሪያዋን በርጩማ ሲጨርስ ጋሼ ተቀምጠውባት ሻያቸውን ጠጡ፤ ስለ ሥራው ግን አንድ ቃል አልተናገሩም።

አሁን መጋዝና መላጊያ ይይዛል፤ ጋሼ ዐይናቸው ስለ ደከመ ስሱን ሥራ የሚያሰምረው እርሱ ነው። ለማየት የምትፈልጉ ከሰዓት በኋላ ብትሄዱ ይመረጣል፤ ፀሐዩ ያን ጊዜ በበሩ ይገባል። ስልካችሁን አታውጡ። በሩንም አትዝጉበት፤ ዛሬ «ብርሃኑን ልቀቁልኝ» የሚለው እርሱ ነው።