ቀኑ ወይስ ማዕዱ? የኒውፖርት የሰባተኛው ቀን ባፕቲስቶች አመሠራረትና እምነት

በዲሴምበር 23 ቀን 1671 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በሮድ አይላንድ ቅኝ ግዛት፣ በኒውፖርት ከተማ፣ ሰባት ሰዎች በቃል ኪዳን ተሳስረው አንዲት ቤተ ክርስቲያን አቋቋሙ። እነርሱም ስቲቨን መምፎርድና ባለቤቱ፣ ሳሙኤል ሐባርድና ባለቤቱ ታሲ፣ ልጃቸው ራሄል ላንግወርዚ፣ ሮጀር ባስተር፣ እንዲሁም የመጀመሪያው እረኛቸው ዊልያም ሂስኮክስ ናቸው። በአሜሪካ ምድር የሰባተኛው ቀን ባፕቲስቶች የመጀመሪያ ጉባኤ ይህች ናት። ታሪኳን በአጭሩ የሚያወሱ ጸሐፊዎች አብዛኛውን ጊዜ ሰባቱ ምእመናን ቅዳሜን በማክበራቸው ከእናት ቤተ ክርስቲያናቸው ተለዩ ብለው ያልፋሉ። አባባሉ ሐሰት ባይሆንም ነገሩን ያቀልለዋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት የመለያየቱ ቅርብ ምክንያት ቀኑ ሳይሆን ማዕዱ ነበር የሚል ነው።

እናቲቱ ቤተ ክርስቲያን በጆን ክላርክ የተመሠረተች የባፕቲስት ጉባኤ ናት። ክላርክ በ1663 ከእንግሊዙ ንጉሥ ከዳግማዊ ቻርልስ ዘንድ ለሮድ አይላንድ የሃይማኖት ነፃነትን የሚያረጋግጥ ቻርተር ያስገኘ ሰው ነው። የሥራ ባልደረባው ኦባዳያ ሆምስ ደግሞ በ1651 ስለ እምነቱ በቦስተን አደባባይ ሠላሳ ጅራፍ ተገርፏል። ይህን ማስታወስ የሚያስፈልገው በኋላ በሰንበት ጉዳይ እጅግ የጠነከረው ተቃዋሚ ይኸው ሆምስ በመሆኑ ነው። ስለዚህ ክርክሩ በአሳዳጅና በተሳዳጅ መካከል የተደረገ አልነበረም፤ ሁለቱም ወገኖች ስለ ኅሊና ነፃነት ዋጋ ከከፈለ አንድ ቤት የወጡ ናቸው።

መምፎርድ ከእንግሊዝ ወደ ኒውፖርት የመጣው በ1664 ገደማ ነው። በእንግሊዝ በዚያን ጊዜ ሰባተኛውን ቀን የሚያከብሩ ጥቂት የባፕቲስት ጉባኤዎች ነበሩ። ከመሪዎቻቸው አንዱ ጆን ጄምስ በ1661 በለንደን በአገር ክዳት ተከሶ በሞት ተቀጥቷል። መምፎርድ ይዞት የመጣው ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ዐሥርቱ ትእዛዛት ሁሉም የጸኑ ከሆነ አራተኛው ብቻ ተነጥሎ ሊሻር አይችልም የሚል ነው። ይህን በመቀበል ከኒውፖርት ሰዎች የቀደመችው ታሲ ሐባርድ ናት። እርሷ በማርች 1665 ቅዳሜን ማክበር ጀመረች፤ ባሏ በሚቀጥለው ወር ተከተላት። ሌሎችም ቀስ በቀስ ተጨመሩ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ናቸው ትኵረት የሚሹት። እነዚህ ሰዎች ቅዳሜ ዐርፈው ለብቻቸው እየጸለዩ፣ የእናት ቤተ ክርስቲያናቸው አባላት እንደሆኑ ቀጠሉ፤ ከሌሎቹ ጋር ከአንድ ማዕድ የጌታን እራት ይካፈሉ ነበር። ስድስት ዓመት ያህል እንዲህ ኖረዋል። ስለ ቀኑ የነበረው ልዩነት ብቻውን ኅብረትን የሚያፈርስ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልቈየም ነበር።

ሚዛኑን ያናጋው በ1669 ገደማ ሁለት ባልና ሚስት ሰንበትን ማክበር ትተው ወደ ቀድሞ ልማዳቸው መመለሳቸው፣ ይልቁንም ቀድሞ ያመኑበትን መንቀፋቸው ነው። በቀሩት ዘንድ ልዩነቱ ግልጽ ነበር። ብርሃኑን ገና ያላየ ወንድም ሊታገሡት የሚገባ ነው፤ አይቶ የካደው ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ከሰዎቹ ጋር አብረው መቍረብ ኅሊናቸውን ከበደው። በእንግሊዝ ላሉ ወንድሞች ጽፈው ምክር ጠየቁ። ኤድዋርድ ስቴኔት የላከላቸው መልስ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከነዚህ ሰዎች ጋር መተባበርን ከመረጠች በሰላም ለመሰናበት እንዲለምኑ የሚመክር ነበር።

በ1671 መጨረሻ ጉዳዩ በጉባኤው ፊት ቀረበ። ከማዕዱ ስለ ምን እንደራቁ ተጠየቁ። ሆምስና ጓደኞቹ ዐሥርቱ ትእዛዛት ለአይሁድ የተሰጡ እንጂ ከአሕዛብ ለመጡ ክርስቲያኖች አይደሉም ብለው ተከራከሩ። ሂስኮክስና ሐባርድ መለሱ፤ ታሲም የእምነቷን ምክንያት በጉባኤው ፊት እንደ ዘረዘረች የባሏ ማስታወሻ ይናገራል። ክርክሩ በዚህ ደረጃ ሲደርስ የማዕዱ ጥያቄ ወደ ሕጉ ጥያቄ ተለወጠ፤ ሕጉ ሁሉ ተሽሯል ከሚል ወገን ጋር ደግሞ ቀድሞ እንደነበረው መቻቻል አልተቻለም።

እዚህ ላይ ስለ ምንጩ አንድ ነገር መናገር ተገቢ ነው። ይህን ታሪክ በአመዛኙ የምናውቀው ከሳሙኤል ሐባርድ ማስታወሻና ደብዳቤዎች ሲሆን፣ እነርሱም በአይዛክ ባከስ ቅጂዎች በኩል ተላልፈዋል። ሐባርድ የነገሩ ባለቤት ነው። ተመላሾቹን በከባድ ቃል ሲጠራ የምንሰማው የተጐዳ ወዳጅ ድምፅ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

በእምነታቸው አዲሲቱ ጉባኤ ከእናቷ የተለየችው በጥቂቱ ነው። ጥምቀት አምኖ ለመሰከረ ሰው ብቻ፣ ያውም በውኃ ውስጥ በመጥለቅ ይፈጸማል፤ ጉባኤው ራሱን በራሱ ያስተዳድራል፤ መንግሥት በኅሊና ላይ ሥልጣን የለውም። ቅዳሜን ማክበራቸው መዳኛ አልነበረም፤ የዳነ ሰው መታዘዝ ነው ይሉ ነበር።

ለአማርኛ አንባቢ የቃል ችግር አለ። እኛ «ቀዳሚት ሰንበት» እና «እሑድ ሰንበት» ብለን ሁለቱንም በአንድ ስም ስለምንጠራ፣ በኒውፖርት አንዱ ሌላውን እንዴት እንደሻረ ለመረዳት እንቸገራለን። በእኛም አገር የኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት በቅዳሜ ምክንያት ለረጅም ዘመን ተገልለው ኖረዋል። በመካከላቸው የታሪክ ግንኙነት ባይኖርም ልዩነታቸው አስተማሪ ነው፤ የኢትዮጵያው ክርክር በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሥልጣን፣ ሁለቱም ቀናት እንዲከበሩ ተወስኖ ተቋጨ። በኒውፖርት ግን ንጉሥም ሆነ ሲኖዶስ የሚፈርድ አልነበረም። ነፃነቱ ራሱ መለያየትን ቀላል አደረገው።

ቍጥራቸው ብዙ አልነበረም። በ1678 ሐባርድ በኒው ኢንግላንድ ያሉትን ሰንበት አክባሪዎች ሲቈጥር ሠላሳ ሰባት ብቻ ነበሩ፤ ሃያው በኒውፖርት፣ ሰባቱ በዌስተርሊ፣ ዐሥሩ በኒው ለንደን። የዌስተርሊው ቅርንጫፍ በ1708 ራሱን ችሎ ወጣ፤ ከእናቱም ይልቅ ሰፋ። የኒውፖርቷ ጉባኤ በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት እየመነመነች ጠፋች።

በ1730 የሠሩት የጸሎት ቤት ግን አሁንም ቆሟል። የኒውፖርት የታሪክ ማኅበር በ1884 ገዝቶት፣ በኋላም ከቦታው ተነሥቶ ወደ ቱሮ ጎዳና ተዛውሯል። ከመስበኪያው በላይ ዐሥርቱ ትእዛዛት የተጻፉባቸው ሰሌዳዎች ተሰቅለዋል፤ ከግርጌያቸውም እምነት ሕግን እንደማይሽር የሚናገረው የሮሜ መልእክት 3፥31 ተጽፏል። ከዚያው ጎዳና ላይ በ1763 የተመረቀው የአይሁድ ምኵራብ ይገኛል።