ስለ ትክክለኛ ዋጋ፦ ብዙ የተለወጠች አሮጌ መኪና በምን ትመዘናለች?



ስርቆትን የሚከለክለውን ሰባተኛውን ትእዛዝ ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ምሳሌ የሰው ኪስ የሚዳብሰውን፣ አጥር የሚዘልለውን ወይም ሚዛን የሚያጎድለውን ሰው ነው። ይህን ማስተማር አያስቸግርም፤ ሕፃን እንኳ ጥፋቱን ያውቀዋል። የሚያስቸግረው ሁለት ቅን ሰዎች፣ ሁለቱም የሚቆርቡ፣ በአንድ ዕቃ ዋጋ መስማማት አቅቷቸው «ፍትሑ የቱ ነው?» ብለው ሲመጡ ነው። በዚህ እትም እንዲህ ያለ አንድ ጉዳይ መርጠናል። ከተሠራች ሃምሳና ስልሳ ዓመት ያለፋት፣ ባለቤቷም ብዙ የለዋወጣት የቮልስዋገን መኪና ትክክለኛ ዋጋዋ በምን ይታወቃል? ምሳሌው ለመንፈሳዊ መጽሔት እንግዳ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ሆኖም ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ስለ መሸጥና መግዛት ሲያስተምር አንካሳውን ፈረስ ፈጣን ነው ብሎ ስለሚሸጥ ሰው ጽፏል፤ የእኛ ዘመን ፈረስ ደግሞ ይኸው ነው።

ሕዝባችን በአጭሩ «ቮልስ» የሚላት ይህች መኪና በፈርዲናንድ ፖርሽ ንድፍ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ተፀንሳ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በብዛት መሠራት ጀመረች። የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 በሜክሲኮ ፑዌብላ ከፋብሪካ እስከ ወጣችበት ቀን ድረስ በጠቅላላው 21,529,464 ተመርታለች። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በውሃ ሳይሆን በነፋስ ነው። አሠራሯ ቀላል በመሆኑ በአዲስ አበባ የአያት መኪና ለልጅ ልጅ ስትተላለፍ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ይኸው ቀላልነቷ ግን እንደ ልብ እንድትለዋወጥም አድርጓታል።

ለትምህርት ያህል የሚከተለውን እናስብ፤ ቁጥሮቹም ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። አንድ ጎልማሳ ወለሏ የበሰበሰ ቮልስ በ300,000 ብር ገዛ። ወለሉንና ላሜራውን በ90,000 ብር አሠራ፤ 1200 የነበረውን ሞተር አውጥቶ በ150,000 ብር ባለ ሁለት ካርቡራተር 1600 አስገባ፤ ለሰፋፊ ቸርኬና ጎማ 70,000፣ ለቆዳ መቀመጫ 40,000፣ ለብርቱካንማ ቀለም 30,000 ብር ከፈለ፤ ከፊት ዝቅ ለማስደረግና የጎማ መሸፈኛዎቹን ለማስቆረጥ ደግሞ 20,000 ብር አወጣ። ደረሰኞቹን ሁሉ በፖስታ አኑሯቸዋል። አሁን 700,000 ብር ይጠይቃል፤ «የወጣብኝን እንጂ አንድ ሳንቲም ትርፍ አላልኩም» ይላል፤ አይዋሽም። ገዢው የዚያው ቁምስና ልጅ ሲሆን፣ «ሳትነካካት ብታመጣት 300,000 እሰጥህ ነበር፤ አሁን ግን ከ250,000 አላልፍም» ይለዋል። እርሱም የልቡን መናገሩ ነው።

በመጀመሪያ የሻጩን ደረሰኞች እንመልከት። ወጪ ዋጋ አይደለም። ሰው በገዛ ፈቃዱ ለገዛ ደስታው ያወጣው ገንዘብ ደስታውን አስገኝቶለታል፤ ብርቱካንማ መኪና መንዳት ፈልጎ ነድቷል። ያንኑ ደስታ ሌላው ሰው ሳይጠየቅ እንዲከፍልለት የሚያስገድድ የፍትሕ ሕግ የለም። በሌላ ወገን ደግሞ ለሻጩ ልናስብለት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በደረሰኙ ላይ የተጻፈው ብር የዛሬው ብር አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ የሚገዛበት ብር ብዙ ተለውጧል። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተገዛ ሞተር በደረሰኙ ቁጥር ብቻ ቢመዘን ሻጩ ይጎዳል። ደረሰኙ ሥራው መሠራቱን ይመሰክራል፤ ዋጋውን ግን አይወስንም።

ታዲያ ዋጋውን የሚወስነው ማን ነው? ቅዱስ ቶማስ በ«ሱማ ቴዎሎጂያ» ሁለተኛ ክፍል ሁለተኛ ምድብ፣ በ77ኛው ጥያቄ እንደሚያስተምረው፣ የዕቃ ትክክለኛ ዋጋ እንደ ነጥብ ተለይቶ የሚታወቅ ሳይሆን በግምት የሚታወቅ ስለሆነ ጥቂት መጨመሩ ወይም ጥቂት መቀነሱ የፍትሕን እኩልነት አያፈርስም። ከእርሱ በኋላ የተነሡ የሥነ ምግባር መምህራንም ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ትክክለኛ ዋጋ እንዳለ አስተምረዋል። ግምቱ የማን ነው ቢባል፣ በዚያ ቦታና በዚያ ጊዜ ዕቃውን የሚያውቁ ቅን ሰዎች የጋራ ግምት ነው። የአንድ ደላላ ቃል አይደለም፤ ደላላው የሚከፈለው በመቶኛ ስለሆነ ዋጋው ከፍ ባለ ቁጥር እርሱም ይጠቀማልና። ቀለሟን አይቶ ልቡ የተሰለበ የአንድ ሀብታም ቃልም አይደለም።

ቅዱስ ቶማስ ዕቃውን ያሻሻለ ሰው ከገዛበት አስበልጦ መሸጥ እንደሚችል በግልጽ ይፈቅዳል። የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው፤ ለውጥ ሁሉ ማሻሻል አይደለምና። የወለሉን ሥራ እንውሰድ። የቮልስ ባትሪ ከኋላ መቀመጫ ሥር ስለሚቀመጥ አሲዱ ወለሉን ይበላዋል፤ በጎንና ጎን ያሉት የሙቀት መተላለፊያዎችም ይዝጋሉ። ይህን ያስጠገነ ሰው የመኪናዪቱን ዕድሜ አርዝሟል። ማንኛውም ገዢ፣ የጥንቱን ወዳድም ሆነ ሥራ የሚሄድበት የፈለገ፣ ይህን ሊያስጠግን ገንዘብ ማውጣቱ አይቀርም ነበር። ስለዚህ የዚህ ሥራ ወጪ ከሞላ ጎደል በዋጋው ላይ ሊታከል ይገባል፤ ይህም ሥራው በጤናማ ላሜራ የተሠራ እንጂ በስቱኮ የተለሰነ ካልሆነ ነው። ማግኔት ይዞ መሄድ ከብዙ ክርክር ያድናል።

ሞተሩ ከዚህ ይለያል። ትልቅ ሞተር ለአንዱ ገዢ ትርፍ ነው፤ ለሌላው የነዳጅ ወጪ ነው። ከዚያም በላይ ጉልበቷ ጨምሮ ፍሬኗ የድሮው ከሆነ፣ 150,000 ብር የወጣበት ሥራ መኪናዪቱን አሻሽሏል ከማለት አደገኛ አድርጓታል ማለት ይቀላል። ፍሬኗን የሚያስተካክለው ገዢው ስለሆነ ያ ወጪ ከዋጋው ይቀነሳል። ቸርኬና ጎማው የሚፈታ ነገር ነው፤ ለብቻው ቢሸጥ የሚያወጣውን ያህል ይታሰብለታል። የቀለሙ ምርጫ የባለቤቱ ነው፤ ለእርሱ ብዙ የሚታከል አይታየንም። የተቆረጠው የጎማ መሸፈኛ ግን ወጪም ሆኖ ጉዳትም ነው፤ ባለቤቱ ለማስቆረጥ ከፈለ፣ ገዢው ደግሞ ለመመለስ ይከፍላል።

የማይመለስ ለውጥ ምን ያህል እንደሚጎዳ የዚህችው መኪና ታሪክ ያስተምረናል። እስከ 1953 እ.ኤ.አ. ድረስ የተሠሩት ቮልሶች የኋላ መስታወታቸው በመካከል በላሜራ ለሁለት የተከፈለ ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ 1957 ድረስ የእንቁላል ቅርጽ ያለው አንድ ወጥ መስታወት መጣ። ያን ጊዜ መኪናቸው አዲስ እንድትመስል የፈለጉ አንዳንድ ባለቤቶች የመካከሉን ላሜራ ቆርጠው አወጡት። ለእነርሱ ማሻሻል ነበር። ዛሬ ግን ሰብሳቢዎች ከሁሉ አብልጠው የሚፈልጉት ያንኑ የተከፈለ መስታወት ስለሆነ፣ የተቆረጠችው ካልተቆረጠችው እጅግ ታንሳለች። ስለዚህ ሻጩን «የወጣውን ዕቃ አስቀምጠኸዋል?» ብለን እንጠይቀዋለን። የቀድሞው ሞተር፣ የቀድሞው ቸርኬና የቀድሞው መሸፈኛ በመጋዘን ካሉና አብረው የሚሰጡ ከሆነ ገዢው መኪናዪቱን ወደ ቀድሞ መልኳ መመለስ ይችላል፤ ዋጋውም በዚያው መጠን ይነሣል።

እንግዲህ ወደ ስሌቱ እንመለስ። ሁለቱ ባላጋሮች ኮሚሽን የማያገኙ ሦስት ሰዎች ይምረጡ፤ ለምሳሌ አንድ መካኒክ፣ አንድ የላሜራ ሠራተኛና አንድ ለራሱ የሚነዳ የቮልስ ባለቤት። ሦስቱም ለየብቻቸው ይጠየቁ፤ አብረው ከተጠየቁ ሁለቱ የመጀመሪያውን ይከተላሉ። መነሻ የሚሆነው ሻጮች የሚጠሩት ዋጋ አይደለም፤ ተመሳሳይ መኪና በእርግጥ ተሽጦ ገንዘቡ እጅ የገባበት ዋጋ ነው። መነሻው 300,000 ቢሆን፣ ለወለሉ 80,000፣ ለሞተሩ የወጪው ግማሽ 75,000፣ ለቸርኬና ጎማው 40,000፣ ለመቀመጫው 15,000 ተጨምሮ፣ ለተቆረጠው 30,000 ቢቀነስ 480,000 ብር ይመጣል። በ440,000 ወይም በ520,000 ቢስማሙ ሁለቱም ከፍትሕ አልወጡም ማለት እንችላለን። 700,000 እና 250,000 ግን ሁለቱም ከክልሉ ውጭ ናቸው። በመጽሐፈ ምሳሌ 20፥14 የተሣለው፣ በገበያ ዕቃውን እያጥላላ ገዝቶ ሲሄድ በግዢው የሚኩራራው ገዢ በየገበያችን ስላለ፣ ነቀፋው ለሻጩ ብቻ አለመሆኑን እንድታስተውሉ እንወዳለን።

ስለ መናገር ግዴታ ደግሞ ጥቂት እንበል። ግልጽ የሆነውን ጉድለት፣ ለምሳሌ አንድ ዓይና ፈረስን፣ ዋጋው ከተቀነሰለት ሻጩ እየዞረ ማወጅ እንደማይገደድ ቅዱስ ቶማስ ያስተምራል፤ ገዢው ያየዋልና። የተሰወረውንና በገዢው ላይ አደጋ ወይም ኪሳራ የሚያመጣውን ግን መናገር የፍትሕ ግዴታ ነው። በተለወጠች መኪና ላይ የተሰወረው ብዙ ነው። በስቱኮ የተሸፈነ ስንጥቅ፣ ለሌላ ሞተር የተሠራ ፍሬን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሊብሬው ከተጻፈው ጋር የማይገጥም የሞተር ቁጥር ይገኛሉ። ቮልስ የሻንሲ ቁጥሯ ከኋላ መቀመጫ ሥር በመካከለኛው ወለል ላይ፣ የሞተር ቁጥሯ ደግሞ ከዲናሞው ማቆሚያ ሥር ይገኛል። ሁለቱንም ከሊብሬው ጋር ሳያመሳክር ገንዘብ የሚቆጥር ገዢ ቢጸጸት አያስደንቅም፤ ሞተሩን ቀይሮ ሳያስመዘግብ ዝም ብሎ የሚሸጥ ሰው ግን በገዢው ላይ ዕዳ ጭኖ ይሸጣል። ሻጩ ጉድለቱን ሳያውቅ ሸጦ በኋላ ቢያውቅ ኃጢአት የለበትም፤ ካወቀ በኋላ ግን የመካስ ግዴታ አለበት።

አሁን ዕቃው በጠፋበት ዘመን ስለሚነሣው ጥያቄ እንናገር። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ከዚያ በፊትም የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጥሎ ነበር። በሀገር ውስጥ ያለው መኪና ዋጋ ቢወጣ፣ በቦታና በጊዜ ለውጥ የዕቃ ዋጋ እንደሚለወጥ መምህራኑ ስለሚቀበሉ፣ በዚህ ብቻ ሻጭን አንከስሰውም። ለሁሉ እኩል የሆነ እጥረት የገበያው ዋጋ አካል ነው። የአንድ ሰው የግል ጭንቀት ግን የሻጩ ንብረት አይደለም። ገዢው የታመመች እናቱን በየሳምንቱ ሐኪም ቤት የሚያመላልስበት መኪና አጥቶ መቸገሩን አይቶ 50,000 ብር የጨመረ ሻጭ የሸጠው የራሱን ሳይሆን የሌላውን መከራ ነው። ሻጩ ራሱ ዕቃውን በማጣቱ የሚደርስበት ጉዳት ካለ ግን እርሱን ማሳሰብ ይችላል። አባቱ የነዳትን መኪና የሚሸጥ ሰው ስለ ፍቅሯ ጥቂት ቢጨምር፣ ምክንያቱንም በግልጽ ቢናገርና ገዢው ወድዶ ቢቀበል፣ እኛ በደል አናይበትም።

ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ ግን የሚመጣው ከገዢ በኩል ነው። ባለቤቷ የሞተባት እናት በግቢዋ ሸራ ለብሳ የቆመችውን ቮልስ ልትሸጥ ብትነሣ፣ ዐዋቂው ገዢ የእንቁላል ቅርጽ ያለውን መስታወት አይቶ «ይህች ብረት ነች፤ ስለ እርስዎ ብዬ 100,000 ልስጥዎት» ቢላት፣ ይህ ብልህነት ነውን? ቅዱስ ቶማስ ወርቁን ናስ መስሎት የሚሸጥ ሰው ቢኖር፣ ይህን እያወቀ የሚገዛው ሰው በግፍ እንደ ገዛና መመለስም እንዳለበት ያስተምራል። የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍም በቁጥር 2409 የሌላውን አለማወቅ ወይም ችግር መሣሪያ አድርጎ በዋጋ መጠቀምን በሰባተኛው ትእዛዝ ሥር ከስርቆት ወገን ይቆጥረዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1710 ውል ለአንዱ ወገን ይበልጥ ስለጠቀመ ብቻ እንደማይፈርስ ይደነግጋል፤ ነገር ግን የተጎጂው ፈቃድ የተገኘው በችግሩ፣ በየዋህነቱ፣ በእርጅናው ወይም የሥራ ልምድ በማጣቱ ተጠቅመው እንደሆነ ፍትሕ ሲያስገድድ ውሉ ሊፈርስ እንደሚችል ይጨምራል። ወደ ፍርድ ቤት ባይኬድም የንስሐ አባት ያንኑ ይጠይቃል። ዋጋውን የሚተምነው ግን ካህኑ አይደለም፤ የመኪና ዋጋ ከእርሱ ክህነት ጋር አልተሰጠውም። ተነሣሒውን ዐዋቂዎች ዘንድ ሄዶ እንዲጠይቅና ልዩነቱን እንዲመልስ ያዝዘዋል እንጂ።

መምህራን ሆይ፤ ይህን ትምህርት ለወጣቶች ስታቀርቡ ክፍሉን በሁለት ከፍላችሁ ግማሹ የሻጩን፣ ግማሹ የገዢውን ወገን ይዞ እንዲከራከር፣ ከዚያም ወገን ተለዋውጠው እንዲደግሙት አድርጉ። በመጨረሻም ይህን ጠይቋቸው፦ ገዢው መኪናዪቱን በ480,000 ብር ገዝቶ ከሦስት ወር በኋላ ከመቀመጫው ሥር ሻጩ ረስቶት የተሸጠ፣ ያልተቆረጠ የመሸፈኛ ጥንድ ቢያገኝ የማን ነው?