ቦርጭ የጤንነት ምልክት ነውን?

ሰው ከርሞ ስናገኘው «ወፈርክ፣ ተመችቶሃል!» ማለታችን ማመስገናችን ነው፤ እሱም ደስ ይለዋል። ከመሐላችን የአንዱ ሰልጣኝ አባት እንዲህ እየተባሉ ኖረው ዓምና በድንገት ልባቸው ቆሞ አረፉ። «ቦርጫቸው ነው የገደላቸው?» ብሎ ስለ ጠየቀን ነው ይህችን ጽሑፍ ያዘጋጀነው።

ልብ ራሱ ጡንቻ ስለ ሆነ ደም ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም በዙሪያው ባሉት ቀጫጭን ቧንቧዎች ነው። በግድግዳቸው ላይ ኮሌስትሮል የሚባለው ስብ ለዓመታት ሲጠራቀም መንገዱ ይጠብባል፤ ደም ከረጋበትም ይዘጋና ደም ያጣው የልብ ክፍል ይሞታል። ውፍረት የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ለስኳር በሽታ ያጋልጣል፣ በደም ውስጥ ያለውን ስብ ያዛባል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሆድ ዕቃን ከቦ የሚቀመጠው ስብ ነው።

አሁን ወደ ለንደን እንሻገር። ጄሪ ሞሪስ የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር የባለሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞችን አጥንቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1953 አወጣ። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይነዳል፤ ትኬት ቆራጩ ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። ታዲያ በልብ በሽታ ይበልጥ የሚጠቃው ሾፌሩ ሆኖ ተገኘ። ምናልባት ሾፌሮቹ ወፍራሞች ስለ ሆኑ ይሆን? ሞሪስ የደንብ ልብሳቸውን የሱሪ ወገብ ልክ አስፈልጎ፣ እውነትም የሾፌሮቹ ሰፋ ያለ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1956 አሳየ። በኋላ እንደ ታየው ግን ቀጭንም ሆነ ቦርጫም ትኬት ቆራጭ ከሾፌሩ ይልቅ በልብ በሽታ ድንገት የመሞት ዕድሉ ያነሰ ነበር። እኛን የገረመን ይኸው ነው። መቀመጥም የራሱ ጣጣ አለው ማለት ነው።

እኛም የልብስ ሰፊ ሜትር ተውሰን መኝታ ክፍላችን ውስጥ ወገባችንን ተለካካን። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ወንድ ከ94፣ ሴት ከ80 ሳንቲ ሜትር ሲያልፉ አደጋው ይጨምራል፤ ከ102 እና ከ88 ሲያልፉ ደግሞ እጅግ ይብሳል። ከአሥራ አንዳችን ያለፈው አንድ ነው፤ እሱም «ሜትሩ ነው የተሳሳተው» ብሎ ሸሸ። መምህሮቻችንን ለመለካት ግን አልደፈርንም።

ቦርጭ የለኝም ብሎ መኩራራትም አያዋጣም፤ ቀጭን ሆኖ ሲጋራ የሚያጨስ፣ ግፊቱንም የማያውቅ ሞልቷል።

ጓደኛችንን በተመለከተ፣ የአባቱን ሞት ምክንያት ከመሬት ተነስተን መወሰን አንችልም። ሆኖም አባቱ የደም ግፊታቸውን አንድ ቀን እንኳ ተለክተው አያውቁም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ እናቱን ጤና ጣቢያ ወስዶ አስለካቸው፤ ከፍ ብሎ ስለ ተገኘ መድኃኒት ጀምረዋል።