ጆሮም ይማራል፤ ከደሴ እስከ ባቲ የተገኘ የሙዚቃ ትምህርት



ተማሪ የሚማረው በክፍል ውስጥ ብቻ አይደለም ይባላል። ይህን አባባል ብዙዎቻችን በድርሰታችን መግቢያ ላይ ጽፈነዋል፤ እኔም ጽፌዋለሁ። እውነትነቱ የገባኝ ግን ባለፈው የሴሚስተር ዕረፍት ከሦስት የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ጋር ባቲ ሔጄ፣ አንዲት የአሥር ዓመት ያህል ልጅ ካሳፈረችን በኋላ ነው። ነገሩ ለእኛ ለዕጩ መምህራን ትምህርት አለው ብዬ ስላመንኩ እንደሚከተለው አቅርቤዋለሁ።

ሀ. የነገሩ መነሻ

በሙዚቃ ፈተና ላይ «አራቱን ዋና ዋና የኢትዮጵያ ቅኝቶች ዘርዝር» የሚል ጥያቄ መጥቶ ነበር። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ብዬ ጻፍኩና ሙሉ ማርክ አገኘሁ። ከዚያ የማስተማር ልምምድ ደረሰ፤ አራተኛ ክፍል ገብቼ ይህንኑ እንዳስተምር ተመደብኩ። የትምህርት ዕቅዴ ምንም አልጎደለውም፤ ዓላማ አለው፣ መግቢያ አለው፣ ማጠቃለያ አለው። አራቱን ስሞች በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ ልጆቹም በጸጥታ ገለበጡ። ደወል ሊደወል ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ባቲ ሲዘፈን እንዴት ነው?» አለኝ።

ምን ልበለው? «ባቲ ማለት ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ ነው» አልኩት። ልጁም «እሺ» ብሎ ተቀመጠ። ያ «እሺ» እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ልምምዱን ይከታተሉ የነበሩት መምህር ከክፍል ስንወጣ ብዙ አልተናገሩም፤ «ሙዚቃ አስተማርክ፤ ልጆቹ ግን አንድ ድምፅ እንኳ ሳይሰሙ ወጡ» አሉኝ። ከዕረፍት በኋላ እንደገና እንደሚያዩኝም ነገሩኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራት እንኳ በደንብ አልበላልኝ አለ።

ለ. ጉዞው

ከጓደኞቼ አንዱ የባቲ ልጅ ነው። የእህቱ ሠርግ በዕረፍቱ ውስጥ ስለዋለ «ሁላችሁም ትመጣላችሁ፤ እናቴ ብቻህን አትምጣ ብላኛለች» አለን። የኪሳችንን አዋጣን፤ ከካፊቴሪያ ያስቀረነውን ዳቦ በፌስታል ቋጠርንና ቅዳሜ በጠዋት ከደሴ መናኸሪያ ተሳፈርን።

መንገዱ ራሱ የጂኦግራፊ ትምህርት ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ስንነሣ ሁላችንም ጃኬት ለብሰን ነበር። በጠመዝማዛው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደን ኮምቦልቻ ገባን። እዚያ መኪና ቀይረን ወደ ምሥራቅ ሌላ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ ሙቀቱ እየጨመረ ሔደ፤ ባቲ ስንደርስ ጃኬቱን የሚይዝልን ሰው ጠፋ። ባቲ 1,500 ሜትር ግድም ላይ ያለች ከተማ ናት፤ መንገዱም በሚሌ በኩል ወደ አፋር ይዘልቃል። በሰኞ ገበያዋ የቆላው አፋር ከነግመሉ፣ የደጋውና የወይና ደጋው ኦሮሞና አማራ ከነእህሉ ይገናኙባታል።

በመንገድ ላይ አንድ ነገር አስቤ አፈርኩ። ባቲና አምባሰል የቅኝት ስም ብቻ አይደሉም፤ የአገራችን የወሎ ቦታዎች ናቸው። አምባሰል ውስጥ ባለችው ውጫሌ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውል መፈረሙን ከነቀኑ ተኝቼም አልረሳውም። የአምባሰልን ዜማ ግን ነቅቼም አላውቀውም ነበር።

ሐ. ከዳሱ ውስጥ

እሑድ ሠርጉ ሆነ። ከዳሱ ውስጥ አንድ በዕድሜ የገፉ ባለ መሰንቆ ተቀምጠዋል። ለእኔ መሰንቆን በአጠገቡ ተቀምጦ መስማት ይህ የመጀመሪያዬ ነበር። በራዲዮ የሚያመልጠን ነገር ብዙ ነው። ገመዱ አንድ ብቻ ነው፤ ከፈረስ ጭራ የተሠራ። መምቻው ደጋንም እንደዚሁ የፈረስ ጭራ አለው። ሣጥኑ በቆዳ ተለብጧል። ሰውዬው ጣታቸውን ገመዱ ላይ ከጎን ያስነኩታል እንጂ እንጨቱ ድረስ አይጫኑትም። ከዚህ ከአንድ ገመድ ያ ሁሉ ዜማ ይወጣል! ሠርገኛው «ተቀበል!» እያለ ግጥም ይሰጣቸዋል፤ እሳቸውም ሳይሳሳቱ ተቀብለው ያዜሙታል።

ታዲያ ያ የባቲው ጓደኛችን ሊያኮራን ፈልጎ «ጋሼ፣ እነዚህ እኮ መምህራን ሊሆኑ ነው፤ ሙዚቃም ይማራሉ» አላቸው። ሰውዬው ፈገግ አሉና ያለ ግጥም አንድ ዜማ ተጫወቱ። «እንግዲህ አስተማሪዎቹ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አሉን። አንዱ ጓደኛዬ «ትዝታ» አለ። ሌላው «አምባሰል» አለ። እኔ ደግሞ የቀረውን ልሙላ ብዬ «አንቺ ሆዬ» አልኩ። የእጅ ማስታጠቢያ ይዛ በመካከላችን የምታልፍ አንዲት ትንሽ ልጅ፣ ቆም እንኳ ሳትል፣ «ባቲ ነው እንጂ!» ብላ አለፈች።

ዳሱ በሣቅ ተሞላ። ባለ መሰንቆውም ዕድሉን አላሳለፉትም፤

ደብተራቸው ሞልቷል አራቱ ተጽፎ፤
ጆሯቸው ግን ቀርቷል ካልጋቸው ላይ አርፎ።

እኛም ከመሣቅ በቀር ምንም መፍትሔ አልነበረንም። ማታ እንግዳው ሲቀንስ ግን ቀርበን «ጋሼ፣ ያስተምሩን» አልናቸው። «አብሽሩ ልጆቼ፣ ይኼ ይለመዳል» ብለው ከዳሱ ውጭ አስቀመጡን። በመጀመሪያ ትዝታን ብቻ ተጫወቱልን፤ እኛም አፋችንን ዘግተን እንድናንጎራጉረው አዘዙን። ግጥም ከለከሉን፤ «ግጥሙ ያታልላችኋል፤ ዜማው የት እንደሚያርፍ ስሙ» አሉ። ትዝታን ሳንሳሳት እስክናንጎራጉር ድረስ ወደ ባቲ አላሻገሩንም። በዚያ ሌሊት የተማርነው ሁለት ቅኝት ብቻ ነው። ሰኞ ገበያ ስንዞር ከአንድ ሱቅ ዘፈን ሲወጣ ሦስታችንም በአንድ ጊዜ «ትዝታ!» ብለን ጮኽን። ባለ ሱቁ ደንግጦ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አዝማሪ የሚለው ቃል «ዘመረ» ከሚለው የግእዝ ግስ የመጣ የክብር ቃል ሆኖ ሳለ አንዳንዶቻችን እንደ ስድብ እንጠቀምበታለን። እኔም በልጅነቴ ብዬው አውቃለሁ። እኚያ ሰው ግን ከቀላል ወደ ከባድ፣ ከሚታወቀው ወደማይታወቀው የሚለውን የማስተማር ሥርዓት ከእኔ የትምህርት ዕቅድ የበለጠ ጠብቀውት አይቻለሁ።

መ. ቅኝቶቹ በምን ይለያሉ?

ከተመለስን በኋላ የሰማነውን ከማስታወሻችን ጋር በኪቦርድ አመሳከርነው። እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፅ አለው። ትዝታና ባቲ ሜጀርና ማይነር የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች ስላሏቸው ከዚህ በታች የማሳየው ሜጀሩን ነው።

1. ትዝታ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። አጀማመሩ ደረጃ በደረጃ ነው፤ ፋና ሲ የሉትም።

2. ባቲ፦ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። ከመጀመሪያው ድምፅ ወደ ሁለተኛው ይዘላል፤ ሬና ላ የሉትም።

3. አምባሰል፦ ዶ፣ በግማሽ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ በግማሽ ዝቅ ያለ ላ። ሁለተኛው ድምፅ ለመጀመሪያው በጣም ቅርብ ነው፤ ከዚያ ወደ ፋ ይዘላል።

4. አንቺ ሆዬ፦ አጀማመሩ እንደ አምባሰል ነው። ነገር ግን ሶል በግማሽ ዝቅ ይላል፤ ላ ደግሞ ዝቅ ሳይል በቦታው ይሆናል። ከአምባሰል ጋር የሚያምታታንም ለዚህ ነው።

ቅኝት የሚለው ቃል «መቃኘት» ከሚለው የመጣ መሆኑን ልብ በሉ። ክራርን ከትዝታ ወደ ባቲ ስንቀይር ዶና ሶል ባሉበት ይቆያሉ፤ ሬ ወደ ሚ፣ ሚ ወደ ፋ፣ ላ ወደ ሲ ከፍ ብለው ይወጠራሉ። ሦስቱ ተነሥተው ሁለቱ ሲቀመጡ አንዱ ቅኝት ሌላው ይሆናል። ይህን በዓይኑ ያየ ልጅ ትርጓሜውን መሸምደድ አያስፈልገውም።

ሠ. ወደ ክፍል ስንመለስ

ሁለተኛው የልምምድ ቀን ሲደርስ ክራር የሚጫወት ጓደኛዬን ለምኜ ይዤው ገባሁ። የተከተልኩትም መንገድ የሚከተለው ነበር።

አንደኛ፣ ስም ከመጻፌ በፊት አሰማኋቸው። ጠመኔ ያነሣሁት ከክፍለ ጊዜው አጋማሽ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፣ አራቱን ትቼ ሁለቱን ብቻ ያዝኩ፤ ትዝታንና ባቲን።

ሦስተኛ፣ ልጆቹ አፋቸውን ዘግተው ሲያንጎራጉሩ ዜማው ሲዘል እጃቸውን ከፍ እንዲያደርጉ ነገርኳቸው።

አራተኛ፣ ጓደኛዬ ክራሩን በፊታቸው ከትዝታ ወደ ባቲ ቃኘው፤ ልጆቹም የትኞቹ ክሮች እንደተወጠሩ ቆጠሩ።

በመጨረሻም ስሙን ሳንናገር አንድ ዜማ አሰማንና ጠየቅናቸው። ሁሉም አላወቁትም፤ ግማሽ የሚሆኑት ተሳስተዋል። ከኋላ የሚቀመጠው ያ ልጅ ግን እጁን አወጣ፤ «ባቲ ነው» አለ። «እንዴት አወቅክ?» ስለው መልስ አልሰጠኝም፤ አፉን ዘግቶ አንጎራጎረው። መምህሬም ከክፍል ስንወጣ «አሁን ሰሙ» ብለውኝ አለፉ። የሰጡኝ ማርክ የፈተናውን ያህል አይደለም፤ ደስታው ግን ይበልጣል።

ረ. ማጠቃለያ

እኛ ዕጩ መምህራን ከዚህ ወጥተን የምንመደብበት ትምህርት ቤት ኪቦርድ ላይኖረው ይችላል። ነገር ግን በአካባቢው መሰንቆ፣ ክራር ወይም ዋሽንት የሚጫወት ሰው፣ አለዚያም ሲያንጎራጉሩ ያደጉ እናት አይጠፉም። እነሱን ክፍል ድረስ ጋብዞ ማስጫወት ለትምህርት መርጃ መሣሪያ ገንዘብ ከመጠበቅ ይሻላል። ይህ ካልሆነ ደግሞ በስልካችን ቀድተን እናሰማ። ከሁሉ በፊት ግን እኛ ራሳችን እንስማ። የሚያስተምረውን ያልሰማ አስተማሪ፣ እንደ እኔ፣ «ከአራቱ አንዱ ነው» ብሎ ይቀራል።

ስለ ራሴም እውነቱን ልናገር፤ አንቺ ሆዬን ከአምባሰል እስከ አሁን አልፎ አልፎ እሳሳታለሁ። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ከራት በኋላ በመኝታ ክፍላችን ክራሩ ይወርዳል፤ የሚሳሳትም የማይሳሳትም መምጣት ይችላል። የተሳሳተ ሰው የሚከፍለው ቅጣት አንድ ብርጭቆ ሻይ ብቻ ነው። እስካሁን አብዛኛውን የከፈልኩት እኔ ነኝ።